ትንፍሽና ተንፍሽ

«ወይዘሮ ውዳሴ፣ ዛሬም ከፍ ብሏል» አለኝ ልዑልሰገድ።

ልዑልሰገድ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ደም ግፊቴን የሚለካልኝ ነርስ ነው፤ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ሰው ሲያናግር አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ልጅ። ክንዴ ላይ የጠመጠመው ጨርቅ ተነፍቶ ተነፍቶ አንቆ ያዘኝና ፉሽ ብሎ ተነፈሰ።

«ሰሞኑን ምን አስጨነቀዎት?»

ምን ልበለው? መብራት ሲጠፋ የስፌት መኪናዬ አንዱን እጅጌ ሰፍቶ ሌላውን ሳይሰፋ ይቆማል፤ ባለ ቀሚሷ ደግሞ ነገ ሙሽራ ናት። ባሕር ዳር ያለው ልጄ ስልኩ እንቢ ያለ ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም። ጎረቤት ሲጣላ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሁለቱንም ወገን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ እነሱ ቀልሏቸው ሲሄዱ የሁለቱም ንዴት እኔ ዘንድ ያድራል።

«ሰውን ሁሉ የሚያስጨንቀው ነው» አልኩት። «የተለየ የለኝም።»

«እንግዲያው መድኃኒቱን እየወሰዱ አንድ ነገር ይልመዱልኝ። በአፍንጫዎ ቀስ ብለው አየር ይሳቡ። ደረትዎ ሳይሆን ሆድዎ ይነፋ። ጥቂት ይያዙት። አሁን ይተንፍሱ፤ ከሳቡበት አስረዝመው።»

እንዳለኝ አደረግኩ። ደገምኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ይችሉበታል እኮ። ማን አስተማረዎት?»

«አያቴ። የዜማ መምህር ነበሩ።»

«ለጭንቀት ብለው?»

«አዎ፣ ለጭንቀት። ለእኔ ጭንቀት ብቻ ይመስለኝ ነበር እንጂ» አልኩት።

ከኋላዬ ወረፋ የያዘ ሰው ስላልነበረ ነገርኩት። ለእሱ አሳጥሬ ነው፤ እዚህ ግን እንደሆነው ላውራው።

*

ሰባት ዓመቴ ነበር። እናትና አባቴ ሊበን በምትባል ከተማ ያስተምሩ ስለነበር እኔን ቡሬ፣ አባባ ዘንድ ትተውኝ ነበር። አባባ የምለው አያቴን መሪጌታ ገብረ ሕይወትን ነው፤ ሌላው ሰው የኔታ ነው የሚላቸው። ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ ሰው ግን የሚለዩት በድምፁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የመቋሚያቸውን ጫፍ ይዤ እመራቸዋለሁ። እኔ ፊት፣ እሳቸው ኋላ፣ በመካከላችን መቋሚያው። በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባባ የማይረዱት ነገር የለም ብዬም አምን ነበር። አንዳንዴ አንድ ተማሪ የቅኔ ፍች ጠፍቶበት በሩ ላይ ይመጣል። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። ተማሪው በአንድ እግሩ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ አንዲት ቃል ያነሡና ከሁለት ይከፍሏታል። ይኸው ሰሙ፣ ይኸው ወርቁ። ተማሪው እጃቸውን ስሞ ይሄዳል።

ቤቱን የምታስተዳድረው ልጃቸው ነበረች፤ አክስቴ እስከዳር። የልጆቻቸው ሁሉ ታናሽ፣ አጎቴ ጋሽ አምላኩ፣ ክረምቱ ሲወጣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። ሲሄድ የሱዳን ከረሜላ እንደሚያመጣልኝ ነግሮኝ ነበር፤ የሱዳን ከረሜላ ከእኛው በምን እንደሚለይ ሳስብ ሰነበትኩ።

ወሩ ኅዳር ነው። ቡሬ ኅዳር ላይ በርበሬ ናት። ግቢያችን ከአጥር እስከ አጥር ቀልቷል። ፀሐዩ ሲበረታ በርበሬው ይሸትና ጉሮሮን ይቆነጥጣል፤ ሰው ሁሉ በየደቂቃው ይስላል፣ ያስነጥሳል፣ ዓይኑን ያሻል።

አንድ ቀን ከሰዓት ቢሆነኝ የሚባል ልጅ መጣ። ከጋሽ አምላኩ ጋር አብሮ የወረደ የሠፈራችን ልጅ ነው። በፊት ለፊት በር አልገባም። በጓሮ በኩል፣ የበቆሎ አገዳ በተከመረበት ዞረ። እኔ ከአገዳው ሥር ቤት ሠርቼ እጫወት ነበርና አላየኝም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ የጋሽ አምላኩን ጋቢ አጥፎ በክንዱ ይዟል። አክስቴ በርበሬ ከምትቀነጥስበት ተነሥታ ወደ እሱ ሄደች። እሱም ደረቅ ሳል ሳለና፣

«እስከዳር» አላት። «አምላኩ አረፈ።»

«ኧረ ተው፣ ቢሆነኝ።»

«ወባ ነው። እንደጣለው አልተነሣም። ሐኪም ቤት አድርሰነው ነበር። እዚያው መተማ አሳረፍነው።»

አክስቴ በርበሬ በነካ እጇ ፊቷን ያዘች። ከዚያ እንባዋ ወረደ፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሁለት እጥፍ ሆነች። አልገረመኝም። በርበሬ በነካ እጅ ዓይን ሲነካ እኔም እንደዚያ ነው የምሆነው።

የሰማሁትም አላስደነገጠኝም። ጋሽ አምላኩ አርፏል። ወባ የያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ከዚያ ተኝቶ ያርፋል። ጎረቤታችን እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ባለፈው ዓመት እንደዚያው ሆነው ተነሥተዋል። ደግሞ ያን ሁሉ ሰሊጥ ያጨደ ሰው ቢያርፍ ምን ነውር አለው? ጓደኞቹም አሳርፈውታል። ደግ ልጆች ናቸው ብዬ አሰብኩ።

በዚህ መሐል አስነጠሰኝ።

አክስቴ አገዳውን ገልጣ አየችኝ። ቀይ ዓይኗን አልረሳውም።

«ምን ሰማሽ አንች?»

«ጋሽ አምላኩ አርፏል።»

ጉልበቷ ላይ ወረደችና ሁለቱን ትከሻዬን ያዘች። «ስሚኝ ውዳሴ። ለአባባ ትንፍሽ እንዳትይ። ልባቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ሐኪሙ እንዳይደነግጡ ብሎናል። እሳቸው ፊት ትንፍሽ ብትይ ልባቸው ቀጥ ይላል። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩ።

*

ትንፍሽ አትበል ማለት አትናገር ማለት እንደሆነ ዛሬ የማያውቅ የለም። እኔም አሁን ስናገረው ሳቄ ይመጣል። ያን ጊዜ ግን የማውቀው ሌላ ነበር። ቆርበን ስንመለስ አፋችንን በነጠላ እንሸፍናለን። ጠላ ሲጠነሰስ «እዚያ ላይ አትተንፍሽ» እባላለሁ። ስለዚህ ትንፋሽ የማይነካው የከበረ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። አባባም ልባቸው ሲደክም እንደዚያ ሆኑ፤ ማለት እኔ አጠገባቸው ከተነፈስኩ ይሞታሉ። ነገሩ ግልጽ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ራት ሲቀርብ ውሃ ላስታጥባቸው ሄድኩ። በሩ ላይ አየር ሳብኩና ጉንጬን ነፍቼ ገባሁ። አባባ ደግሞ ሲታጠቡ አይቸኩሉም። ጣት በጣት ያሻሉ፤ መካከል ላይ ጸሎታቸውን ያስገባሉ።

«ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?» አሉኝ። «ወትሮ ለጆሮዬ ዕረፍት አትሰጭውም።»

ማስታጠቢያውን ጥዬ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ጨለማው ውስጥ እንደ ውሻ አለከለኩ።

«በርበሬው ነው አባባ» አልኩ ከደጅ።

«ዘንድሮስ ኃይለኛ ነው» አሉ ከውስጥ።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ይኸው ሆነ። ትንፋሼን ይዤ ቁርሳቸውን አቀርባለሁ፤ ሮጬ ወጥቼ እተነፍሳለሁ። መቋሚያውን ይዤ ስመራ ፊቴን አዙሬ፣ ወፍ ውሃ እንደምትጠጣው አየር በጥቂት በጥቂቱ እቀምሳለሁ። ማታ ማታ ራሴን ያመኛል። ልቤ ያለ ሩጫ ይመታል። ሳይነኩኝ እደነግጣለሁ። ልዑልሰገድ ጭንቀት የሚለው እሱ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ስም አልነበረውም። አንድ ሰው በሕይወት እንዲቆይ እየሠራሁ ያለሁት ሥራ ነበር።

ጎረቤቱ በርበሬ ለመቀንጠስ እያለ ይመጣል፤ ከመቀንጠሱ ሹክሹክታው ይበልጣል። አንድ ጠዋት እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ከአክስቴ ጎን ተቀምጠው፣

«የኔታ አልተረዱም?» ብለው ጠየቁ።

«አልተረዱም።»

«መቼ ይረዱ ተባለ?»

«ሚካኤል ይለፍ። ማኅሌቱን እንደ ልማዳቸው ይቁሙ። አያ አድማሴም ከመራዊ ይድረስ፤ እህሉን አስረክቤ እመጣለሁ ብሏል። እሱ የበኩር ልጃቸው ነው፣ ያለ እሱ አይሆንም።»

«እኔስ ሆዴ አልቻለም፣ ልጄ። ትናንት ‹ወለተ ጊዮርጊስ፣ አምላኩ ዘንድሮ ምን ይዞ ይመጣ ይሆን› ሲሉኝ በርበሬ ፈጀኝ ብዬ ወጣሁ።»

«አንቱም በርበሬ ነው ያሉት?»

«ምን ልበል ታዲያ?»

አክስቴ እያለቀሰች ሳቀች። «ይህ በርበሬ ዘንድሮ የስንታችንን ተሸከመ» አለች።

እኔ ግን ቅር ብሎኛል። አባባ፣ የደብሩን ሁሉ ቅኔ የሚፈቱት አባባ፣ አንድ ነገር ሳይረዱ ቀርተው መንደሩ ሁሉ ያማቸዋል። ለአባባ ስል አፈርኩ።

«እትዬ፣ አባባ ያልተረዱት ምኑን ነው?» አልኩ። «ከባድ ከሆነ እኔ ላስረዳቸው?»

አክስቴ በርበሬ በነካው መዳፏ አፌን ከደነችው። ከንፈሬ እስከ ማታ ተቃጠለ።

በእኛ ሀገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሰው የሞተበት ሰው ወገኑ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ማለዳ ነው የሚነገረው። እስኪነገረው ድረስ «አልተረዳም» ይባላል። ሲነገረው ተረዳ ይባላል። ያን ጊዜ ግን ተረዳ የምትለዋን ቃል የማውቃት ከትምህርት ቤት ነበር፤ መምህሩ «ተረድታችኋል?» ሲለን።

*

የሚካኤል ዋዜማ ዕለት ከሰዓት አባባን ይዤ ወጣሁ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ ጥምጥማቸውን አክስቴ አስተካክላላቸዋለች። ሜዳውን በደህና አለፍን። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ግን ቆሙና «ጉልበቴ እንቢ አለ፣ ወዲህ ቅረቢ» አሉኝ። መቋሚያቸውን ተደግፈው በሌላው እጃቸው ትከሻዬን ያዙ። በመካከላችን የነበረው እንጨት ቀረ ማለት ነው።

ትንፋሼን ያዝኩ። ዳገቱ ላይ እስካለው ዋርካ ድረስ እችላለሁ ብዬ ነበር። አባባ ደግሞ በዳገት ይቆማሉ፣ ያርፋሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። ጆሮዬ ውስጥ የንብ ቀፎ ተነሣ። የዋርካው ቅጠል ሲጠቁር አየሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላስታውስም።

ስነቃ ራሴ ጭናቸው ላይ ነው። አባባ አፈር ላይ ተቀምጠዋል፤ ያ ነጭ ልብስ አፈር ላይ። ከባዱ እጃቸው ደረቴ ላይ ነበር።

«ተንፍሽ» አሉኝ።

ከንፈሬን ገጠምኩ።

«ተንፍሽ እንጂ ልጄ። ተንፍሽ።»

«እንዳትይ ተብያለሁ» አልኩ፤ እንዳልኩት ትንፋሽ እንደወጣኝ ገባኝና አለቀስኩ።

«ምን እንዳትይ?»

«ትንፍሽ። አንቱ ፊት ትንፍሽ ካልኩ ልብዎ ቀጥ ይላል። እባክዎ አባባ፣ ይልቀቁኝ፣ ራቅ ብዬ ልተንፍስ።»

እጃቸው ደረቴ ላይ ቀረ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተማሪ ቅኔ ይዞ ሲመጣ የሚጨፍኑት እንደዚያ ነው። ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ሲሞከር ይሰማል።

«ቢሆነኝ መጥቶ ነበር እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። «በቀደም ከጓሮ ሳሉን የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ቤት ሳይገባ የሚሄድ ልጅ አልነበረም።»

ያለኝን ሁሉ አየር ያዝኩ። ደረቴ ከእጃቸው ሥር ቀጥ አለ።

«ይበቃል» አሉ። «አልጠየቅኩሽም። ተንፍሽ።»

«አባባ፣ ያልተረዱት ነገር አለ ብለው ያሙዎታል። እኔ እኮ አውቀዋለሁ፤ ቀላል ነገር ነው። ላስረዳዎት?»

ጣታቸው ከንፈሬን ፈልጎ አገኘው፤ እንደ አክስቴ አልከደኑኝም፣ ነካ ብቻ አደረጉኝ። «የለም። አንች አታስረጅኝም። ከማንም ቢመጣ ከአንች አፍ አይመጣም።»

ትንሽ ተከፋሁ። ከልጅ መማር ከብዷቸው ነው ብዬ።

ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ፤ የሚያስተምሩበት ድምፅ ሆነ። «ስሚ ውዳሴ፣ ፊደል ቆጥረሻል። ትንፍሽ በምን ይጀምራል?»

«በት።»

«ተንፍሽስ?»

«በተ።»

«አየሽ፣ አንዲት ፊደል ናት ልትገድልሽ የነበረችው። ትንፍሽ አትበይ ያለሽ ሰው ወሬውን ያዥ ማለቱ ነው። ይዘሻል፣ ጎበዝ። ተንፍሽ የሚለው ግን እግዚአብሔር ነው፤ እሱን ማንም አይከለክልሽም። እጅሽን አምጭ።» እጄን ወስደው ደረታቸው ላይ አደረጉት። «ቀጥ ብሏል?»

«አላለም። ይመታል።»

«አጠገቤ ስትተነፍሽ ነበር፣ እኔም አለሁ። የእኔ ልብ በአንች ትንፋሽ አይቆምም። አንች ካልተነፈስሽ ነው የሚቆመው።»

ያኔ ከልቤ ተነፈስኩ። ጉሮሮዬ እያፏጨ ገባ፤ ግን ላይ ላዩን ብቻ ነበር፣ እየተቆራረጠ።

«እንደዚያ አይደለም» አሉ። «ደረትሽን ተይው። ከእምብርትሽ ጀምሪ፤ ውሃ ማሰሮ ሲሞላ ከታች ነው የሚጀምረው። ቀስ። ቀስ። አሁን ይዘት።»

በዜማ ቤት ከፊደሉ ራስ ላይ የሚጻፉ ምልክቶች አሉ። ይዘት ሲሆን ድምፁ ይያዛል፤ ሂደት ሲሆን ይለቀቅና ይሄዳል። ተማሪዎቹ ሲደጋግሙት ሰምቼ ስማቸውን አውቃለሁ።

«ይዘት» አልኩ በሆዴ።

«አሁን ሂደት። አትገፊው፤ ራሱ ይሂድ። መንገዱን ያውቀዋል። ዜማ የሚያልቅበት ሰው ድምፁ ያነሰው አይደለም፤ ትንፋሹን በአንዴ ያባከነው ነው። እስኪ አብረን።»

አብረን አደረግነው። እጃቸው ሆዴ ላይ፣ እጄ ደረታቸው ላይ፣ ከዋርካው ሥር። አየሩ ሲገባ ሁለታችንም እንነፋለን፤ ይዘት፤ ከዚያ ሂደት። የእሳቸው ሂደት ረጅም ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን ደረታቸው ከእጄ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየተቆረጠ፣ እየተነሣ፣ እየወረደ። ይህንንም ምልክት አውቀዋለሁ። ድምፁን የሚያንቀጠቅጡበት ነው፤ ከሁሉ የሚከብደው።

«አባባ፣ ይህ ርክርክ ነው?» አልኩ።

«አዎ ልጄ» አሉ። «ርክርክ ነው።»

ልሞክረው ብዬ ደረቴን አንቀጠቀጥኩ፤ አልሆነልኝም። «ይህን አትችይውም ገና» አሉና ራሴን ሳሙኝ። ጉንጫቸው እርጥብ ነበር። ዳገቱ አልቧቸው ነው ብዬ በነጠላዬ ጠረግኩላቸው።

ተነሥተን ስንሄድ ከወትሮው ከበዱኝ። ግን እየተነፈስኩ ስለነበር ቻልኳቸው።

*

በማግሥቱ አባባ የሚካኤልን ማኅሌት ቆሙ። ድምፃቸው ያን ቀን እንዴት እንደነበር የሰሙት ሽማግሌዎች እኔ ካደግኩ በኋላም ያነሡት ነበር። ሴቶቹ ከበስተኋላ ሆነው «ምስኪን፣ ገና አልተረዱም» እያሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተረዱት እሳቸው ነበሩ። ያልተረዳሁት እኔ ነበርኩ።

ከበዓሉ ወዲያ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በር ተንኳኳ። አያ አድማሴ ከመራዊ ደርሶ ከሽማግሌዎች ጋር ገባ። ከኋላቸው እማማ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ቢሆነኝ፣ የሠፈሩ ሰው። አክስቴ ግድግዳ ይዛለች። አባባ ተኝተዋል ብለው ነበር የመጡት። እሳቸው ግን መደቡ ላይ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አጣፍተውታል።

ሰዉ ነጠላውን አየ። ከዚያ እርስ በርሱ ተያየ። የአክስቴ ዓይን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

«የኔታ» ብሎ ጀመረ አንዱ ሽማግሌ፤ «እግዚአብሔር የሰጠውን...»

አባባ እጃቸውን አነሡ። «ቆዩኝ አንድ ጊዜ። ውዳሴ የት ናት?»

ወደ እሳቸው ሄድኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

«ይህች ልጅ ትንፍሽ አላለችኝም» አሉ፤ ለሁሉም እንዲሰማ፣ ቃሉን አንድ በአንድ። «ይህን ዛሬ ሁላችሁም ስሙልኝ፤ ወደፊት ማንም እንዳያነሣባት። አንዲት ቃል አልወጣትም። በሉ፣ አሁን ንገሩኝ።»

ኩራት ሞላኝ። ትምህርቱን ጥሩ አድርጌ ይዤ በሰው ፊት የተመሰገንኩ ነው የመሰለኝ።

ነገሯቸው። «አምላኩ» አሉ አባባ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ጮኸው አለቀሱ። ቤቱ አብሯቸው ጮኸ። አክስቴ ይዛ የከረመችውን ሁሉ ለቀቀችው። እኔ ማረፍ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ከሰዉ ጩኸት፣ ከቢሆነኝ እጅ ላይ ከወረደው ጋቢ። ደረቴ ቀጥ አለ። አየር የት እንዳለ ጠፋኝ።

በዚያ ሁሉ ልቅሶ መሐል አንድ እጅ መጥቶ ሆዴን ፈለገ።

«ተንፍሽ» አሉኝ በጆሮዬ። «ከእምብርትሽ። ይዘት። አሁን ሂደት።»

*

አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልባቸውም ቀጥ አላለችም። ለፈተና ስሄድ፣ ሳገባ፣ የመጀመሪያ ልጄን ይዤ ስጨነቅ፣ ያችው ትምህርት አብራኝ ነበረች። ለእኔ ብለው እንዳስተማሩኝ ሳልጠራጠር ኖርኩ።

ዓምና አክስቴ እስከዳር ከቡሬ መጥታ እኔ ዘንድ ሰነበተች። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ክር ትቆርጥልኛለች። መብራት ጠፋና መኪናው ቆመ። እኔ እንደ ልማዴ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ አየር ስስብ አየችኝና ክሩን አስቀመጠች።

«እሳቸውም እንደዚያ ያደርጉ ነበር» አለችኝ። «ከአምላኩ በኋላ። በየጠዋቱ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። ‹ከዋርካው ሥር ከውዳሴ ጋር የጀመርኩት ነው› አሉኝ። ‹እሷን ሳስተምር እኔ ዳንኩ። ያን ጊዜ እጇ ደረቴ ላይ ባይኖር ከዚያች ዳገት አልነሣም ነበር› አሉኝ።»

«መርዶው ከአፍሽ ያመለጠ መስሎኝ ነበር» ብላ ቀጠለች። «ያን ጠዋት ሰዉ ሲወጣ ልቆጣሽ ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ። ኋላ ‹ታዲያ ማን ነገረዎት› ብላቸው፣ ‹ማንም። ስለ ቢሆነኝ ስጠይቃት ትንፋሿ ከእጄ ሥር ቆመ፤ ያኔ ተረዳሁ› አሉኝ። ከዚያ ደግሞ፣ አባባ አይደሉ፣ ‹ትንፍሽ ሳትል ነው ያረዳችኝ› ብለው ፈገግ አሉ።»

የልጃቸውን ሞት በተረዱበት ሰዓት፣ ገና ያልተነገረ ኀዘናቸውን ይዘው፣ አፈር ላይ ተቀምጠው አንዲት ልጅ ፊደል እንድትለይ አደረጉ። መርዶ የነገረች ልጅ ተብዬ እንዳላድግ አፌን በጣታቸው ጠበቁልኝ። የመጀመሪያውን የልቅሶ ትንፋሻቸውን እንኳ ለእኔ ምስክርነት ነው ያወጡት። ይህን ሁሉ ሳላውቅ ስተነፍሰው ኖሬያለሁ። አሁን ካወቅኩት ወዲህ ግን አመሰግናለሁ ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም።

*

«እንለካው እንደገና?» አለ ልዑልሰገድ።

ጨርቁ ክንዴን ያዘ፣ ተነፋ፣ ተነፈሰ። ልጁ አንገቱን ሰበር አድርጎ አነበበው። «ወርዷል» አለኝ። «ደህና ነው። ከመሄድዎ በፊት አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ። በአፍንጫዎ ይሳቡ፤ ይያዙ፤ ይተንፍሱ።»

«አንድ ነገር ላስቸግርህ» አልኩት። «አንቱታውን ለዛሬ ተወውና ተንፍሽ በለኝ።»

«ኧረ ነውር ነው፤ እናቴን የሚያህሉ ሰው።»

«እኔ ፈቅጄ ነው። በለኝ።»

ወደ በሩ አየ፤ የሚሰማ ሰው አልነበረም።

«ተንፍሽ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ከእምብርቴ ሳብኩት። ያዝኩት። ከዚያ ለቀቅኩት፤ መንገዱን ያውቃል፣ ራሱ ሄደ። መጨረሻው ላይ ግን ደረቴ እየተቆረጠ፣ እየተነሣ፣ እየወረደ ተንቀጠቀጠ።

«ይኸኛው ምንድን ነው?» አለ ልዑልሰገድ። ያቺን ክፍል አልነገርኩትም ነበር።

«ርክርክ ነው፣ ልጄ» አልኩት።